ሐይቅን በክረምት፦ ከደሴ ተነስቶ ሳይበሰብሱ መመለስ

ሐይቅ ከደሴ ወጣ ብላ፣ በስሟ በሚጠራው ሐይቅ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ሐምሌ ላይ «ሐይቅ ልወርድ ነው» ብትሉ የደሴ ሰው «በዚህ ዝናብ?» ይላችኋል። እኔ ግን ክረምቱን እመርጣለሁ። ሰው ይቀንሳል፣ የአልጋ ዋጋ ላይ መከራከር ይቻላል፣ ዙሪያው ያለው ተራራም አረንጓዴ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ዘዴው ዝናቡን በሰዓት መቅደም ነው።

መጀመሪያ ቀን ምረጡ። ፍልሰታ፣ ማለትም ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ሱባኤ የሚይዘው ሰው ስለሚበዛ ገዳም ለማየት ብላችሁ ከሆነ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ይሻላል። መስከረም አጋማሽ ካለፈ ደግሞ እርሱት። ለግሸን ማርያም በዓል፣ ለመስከረም 21፣ ሕዝቡ ሲተም ደሴ ላይ አልቤርጎ ብርቅ ነው።

ማደሪያ? ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል ይሞቃል፣ አውሮፕላኑም የሚያርፈው እዚያ ነው። ግን ጠዋት ወደ ደሴ በሚያወጣው በሀረጎ ዳገት ጭጋግ ውስጥ ማዝገም ይመጣል። ብርዱን ችላችሁ ደሴ እደሩ። ጋቢ አይረሳ።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን መናኸሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ። ይህን በስንፍና አትዝለሉት። ሐይቅ ከተማ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባሱ ግን ሳይሞላ አይነሳም። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያ ተገኙ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚወርደው።

ስትደርሱ መጀመሪያ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሂዱ፤ አሳው ይቆያል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት ቦታ ነው። በ1280/81 እ.ኤ.አ. ለገዳሙ የተጻፈው አራቱ ወንጌል፣ የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቅ የአገራችን ብራናዎች ቀደምቱ ነው ይባላል። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አባቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ደረቅ ካልሲ በፌስታል ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ ማውለቅ አለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ መሬቱ እርጥብ ነው። በረጠበ ካልሲ ጭቃማ ጫማ ውስጥ መልሶ እግር መክተት ቀኑን ሙሉ ያበሳጫል። ሸራ ጫማም ይቅርባችሁ፤ ጭቃው ሶሉን ይዞ ይቀራል።

ጀልባ ካማራችሁ ሰማዩን እዩ። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ነፋስ ከተነሳ ወይም ተንሳፋፊ ጃኬት ከሌለ አትግቡ፣ ባለጀልባው ሺህ ጊዜ «አብሽር» ቢላችሁም።

አሳ ስታዙ «ዛሬ የወጣ ነው?» በሉ። ዓይኑ የጠራ፣ ጆሮው ሥር ቀላ ያለ ቆሮሶ (ቴላፒያ አሳ) ከሆነ አስጠብሱት፣ በዳጣ ብሉት። ከ8 ሰዓት በፊት ግን ሒሳብ ከፍላችሁ መኪና ፈልጉ። ደሴ ላይ ጭጋግ የጦሳን ተራራ ከሸፈነ ሾፌሩ ቀስ ነው የሚለው።