የባህር ዳርቻ ፎቶ ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከጀማሪዎች ጋር ፎቶ እናያለን። አብዛኞቻችን ባህር አይተን አናውቅም። ቅርባችን ያለው ጣና ነው፤ ለእሱም ጎርጎራ ድረስ መውረድ አለ። ታዲያ የባህር ዳርቻ ፎቶ ለምን መረጥክ ይሉኛል። ቀላል ስለሆነ ነዋ! አሸዋ፣ ውሃ፣ ሰማይ። እንደ ነጠላ ጥለት በአግድም የተዘረጉ ሦስት መደቦች። እዚያ ሰዎቹም ቅርጹም ራቁታቸውን ናቸው። እንዲያም ሆኖ በየሳምንቱ ያንኑ ስህተት እሰማለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ፎቶው ሳይሆን በፎቶው ውስጥ ስላለው ነገር ማውራት ነው። ይሄ ያናድደኛል። አውስትራሊያዊው ማክስ ዱፔይን በ1937 (እ.ኤ.አ.) ያነሳው ፎቶ አለ። አንድ ሰው አሸዋ ላይ በሆዱ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሳሳያቸው ምን ይሉኛል? «ሰውዬው ደክሞታል።» «ፈረንጅ ፀሐይ ይወዳል።» አንዱማ ስለ ራቁትነት አሥር ደቂቃ ሰበከን። እሺ፣ ይሁን። ይህን ሁሉ ግን ፎቶውን ሳታዩ በወሬ ብቻ ብትሰሙም ትሉት ነበር! እኔ የምጠይቀው ካሜራው የት እንደነበር ነው። መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ለዚህ ነው ትከሻው ተራራ ያከለው። እግሩ የለም፤ ከትከሻው ጀርባ ጠፍቷል። ጭንቅላቱና ክንዶቹ ተጋጥመው አንድ ሰፊ ሦስት ማዕዘን ሠርተዋል። ከላይ ባዶ ሰማይ፣ ከታች አሸዋ፤ ከዚያ ቅርጽ ጋር የሚሻማ ነገር የለም። ቆዳው ላይ ያለው የውሃ ጠብታ ሳይቀር ጎልቶ የሚታየው ዙሪያው ጭር ስላለ ነው። «ደክሞታል» ያላችሁትም ካለ ያመጣው ይሄ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ታች ስለወረደ።

አንዲት ተማሪ ስለ ሰውዬው ኑሮ ስታወራ ስታወራ፣ የታተመውን ፎቶ ከእጇ ወስጄ ዘቅዝቄ ሰጠኋት። (ስልክ አይሆንም፤ ብትዘቀዝቁት መልሶ ይቃናል። አሳትሙት።)

«አሁንስ ምን ታያለሽ?»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ጋሼ፣ የተገለበጠ የመሶብ ክዳን ይመስላል» አለች።

«ከየት እስከ የት?»

ጣቷን ከአንዱ ክርን ወደ ራሱ፣ ከራሱ ወደ ሌላው ክርን ሳበች። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውዬው ኑሮ አላነሳችም።

ሁለተኛው የአስቤዛ ዝርዝር ነው። «መስመር አለ፣ ቀለም አለ፣ ቅርጽ አለ።» የትኛው ፎቶ ላይ የለም? መስመሩ ዓይንህን ወዴት እንደወሰደው ካልነገርከኝ ምንም አልነገርከኝም።

«ያምራል» ማለት ደግሞ እኛ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው።

ቀጥሎ ያለው የኔው ስህተት ነው። ሃንጋሪያዊው ማርቲን ሙንካቺ በ1930 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ያነሳው፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ላይ እንደተነሳ የሚነገርለት ፎቶ አለ። ሦስት ልጆች ከጀርባቸው ይታያሉ፤ ወደ ማዕበሉ እየሮጡ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ «ጨልሞበታል፣ ፊታቸው እንኳ አይታይም» ብዬ በድፍረት ተናገርኩ። ዕድሜውን በስቱዲዮ የጨረሰ አንድ ነባር ፎቶ አንሺ አጠገቤ ነበር። «ፊታቸው ቢታይ እጃቸውን ታየው ነበር?» አለኝ። አፈርኩ። ልጆቹ ጥቁር ስለሆኑ፣ ከፊታቸው ያለው አረፋ ነጭ ስለሆነ፣ ዓይን የሚይዘው የአካላቸውን ጠርዝ ብቻ ነው። የተወረወረ ክንድ፣ የተነሳ እግር። ሩጫው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ዝነኛው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ሄንሪ ካርቲየ-ብሬሶን ራሱ መንገዱን ያሳየው ይህ ፎቶ እንደሆነ ተናግሯል። እኔ «ጨልሞበታል» ያልኩት እሱን ነው እንግዲህ።

የቀትር ብርሃንን በጅምላ ማጥላላትም አለ። ከአንድ ቦታ የሸመደዱት ሕግ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ ግን አሸዋውና ውሃው ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሱታል፤ አገጭ ሥር ያለው ጥላ ይሳሳል። ይህን ለጎንደር ልጅ ማስረዳት አልነበረብኝም። ጥር 11 ፋሲል መዋኛ ሄዳችሁ የለ? ነጭ በነጭ የለበሰው ሕዝብ መሀል የቆመ ሰው ፊት በምን እንደበራ እዩ።

ድግግሞሽ ላይ ደግሞ ቆጥረው ይተዉታል። «ብዙ ጃንጥላ አለ።» እሺ፣ ከዚያስ? ጣሊያናዊው ማሲሞ ቪታሊ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የሚታወቅበት ሥራ አለ፤ ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ ወጥቶ በሰው የተሞላ ዳርቻ ያነሳል። ካሜራው ስለወጣ አሸዋው እንደ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ሰውም ጥልፍ ይሆናል። ይህን ለማየት የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ አስታውሱ። የመላእክቱ ፊቶች በረድፍ ሲደረደሩ መጀመሪያ የምታዩት ረድፉን ነው። ቆይታችሁ ነው አንዱ ዓይኑን ወዴት እንዳዞረ የምትለዩት። የዳርቻውም ፎቶ እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ረድፉን ያዙ፣ ቀጥሎ ከረድፉ ያፈነገጠውን ፈልጉ።

አድማሱ ዘመም ሲል ወዲያው «ተሳስቷል» አትበሉ፤ የዘመመው ምን ለማድረግ እንደሆነ ጠይቁ።

የመጨረሻው የፎቶውን ጠርዝ መርሳት ነው። ባለፈው አንድ ልጅ ከጎርጎራ ያነሳውን ፎቶ ይዞ መጣ። ውሃ፣ ሁለት ዋናተኛ፣ በግራ ጠርዝ ላይ ለሁለት የተቆረጠች ታንኳ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ታንኳዋ መቆረጥ አልነበረባትም» አለ። ልጁም ይቅርታ ሊጠይቅ ምንም አልቀረው። ታንኳዋን በመዳፌ ሸፈንኳት። ዋናተኞቹ መሄጃ አጡ፤ ውሃው የገንዳ ውሃ መሰለ። መዳፌን ሳነሳ ሐይቁ ከፎቶው ውጭ ወደ ግራ ቀጠለ።

«አውቄ ነው የቆረጥኳት» አለ ልጁ፣ ፈጠን ብሎ። አላመንኩትም።