ለትምህርት ሳኦ ፓውሎ ሲገቡ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት ማቀድ ይቻላል

ብራዚል ለትምህርት የሚሄድን ኢትዮጵያዊ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያደክመው ከትምህርቱ ይልቅ የወረቀት ሥራው ነው። ወረቀቶቹ ብዙ ከመሆናቸውም በላይ አንዱ ሌላውን ስለሚጠይቅ፣ ቅደም ተከተሉን ሳያውቅ የጀመረ ተማሪ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ይከርማል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሳኦ ፓውሎን መነሻ ያደረገ ቢሆንም፣ የፌደራል መንግሥቱን የሚመለከቱት ጉዳዮች በሌሎቹ ከተሞችም ያው ናቸው።

ከአዲስ አበባ ሳይነሱ፦ የልደት የምስክር ወረቀት

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ የተማሪ ቪዛው ፓስፖርት ላይ ከተመታ በኋላ ብዙዎች ሥራው ያለቀ ስለሚመስላቸው ይዘነጉታል። የብራዚል ፌደራል ፖሊስ ተማሪውን ሲመዘግብ የአባቱንና የእናቱን ሙሉ ስም ይጠይቃል፤ ፓስፖርቱ የወላጆችን ስም የማይገልጽ ከሆነ ስማቸውን የያዘ የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት መቅረብ አለበት። የኛ ፓስፖርት የእናት ስም የለበትም። ስለዚህ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የልደት የምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አውጥተው፣ በአገር ውስጥ የሚደረገውን የሰነድ ማረጋገጫ ከጨረሱ በኋላ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የብራዚል ኤምባሲ ማኅተም ማስመታት ይኖርብዎታል። ይህን የኤምባሲ ማኅተም ብራዚል ከገቡ በኋላ እዚያው ማስመታት አይቻልም፤ ሰነዱን ወደ አዲስ አበባ መልሶ መላክና ዘመድ ማስቸገር ይጠይቃል።

ትርጉሙ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሰነዱ ወደ ፖርቱጋልኛ የሚመለሰው ብራዚል ውስጥ በመንግሥት በተመዘገበና ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በትርጉም ቤት ማስተርጎም በእኔ አስተያየት ገንዘብ ማባከን ነው። የምስክር ወረቀቱ የእንግሊዝኛ ክፍል የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም በቀላሉ ይገኛል፣ ከአማርኛ የሚተረጉም ግን ብርቅ ነው።

ማኅተሙ ከመመታቱ በፊት እያንዳንዱን ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ያስተያዩ። አንዱ ጸሐፊ ‘ጽጌ’ን በቲ ብቻ ሲጀምር ሌላው በቲኤስ ይጀምራል፤ ለእኛ ልዩነት የሌለው ነገር ለብራዚሉ መዝጋቢ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው። የልደት ቀኑም እንዲሁ በጥንቃቄ ይታይ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ ሰው ዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8 ስለሚጨመርበት፣ በችኮላ የተመለሰ ቀን ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ዓመት ሊለያይ ይችላል። የእናትን ስም ደግሞ እስከ አያት አስጽፈው ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቅጽ ላይ ሳያሳጥሩ ይጻፉት። ብራዚል ውስጥ በስም የሚመሳሰሉ ሰዎች የሚለዩት በእናታቸው ስም ስለሆነ፣ በጤና ጣቢያም ሆነ በባንክ ደጋግመው ይጠየቃሉ። አንድ የማውቀው ተማሪ በልደት ወረቀቱ ላይ ከእናቱ ስም በፊት ‘ወይዘሮ’ የሚለው በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ስለነበር፣ ማዕረጉ የስማቸው አካል ሆኖ ተመዘገበ፤ ከዚያ በኋላ የሞላው ቅጽ ሁሉ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም እያለ ሴሚስተሩን በሙሉ ሲያስተካክል ከረመ። ማዕረግ ካለበት ከመነሳትዎ በፊት ያስወጡት።

በስም ጉዳይ አንድ እፎይታ አለ፦ ብራዚላውያንም ሰውን የሚጠሩትም ሆነ በፊደል ተራ የሚደረድሩት በራሱ ስም ነው፤ ስለዚህ በክፍል መዝገብ ላይ ራስዎን በአያትዎ ስም መፈለግ አይኖርብዎትም።

ሴፔኤፊ የተባለው ቁጥር

ሴፔኤፊ ማለት የብራዚል ገቢዎች መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ባለ 11 አሃዝ የግብር ከፋይ ቁጥር ነው። ስሙ የግብር ይሁን እንጂ ያለ እሱ የስልክ መስመር ማውጣት፣ የባንክ ሂሳብ መክፈት፣ ቤት መከራየት ወይም በኢንተርኔት ዕቃ መግዛት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ቁጥሩን ከአገር ሳይወጡ በብራዚል ኤምባሲ በኩል ማመልከት ስለሚቻል፣ ይዘውት ቢሄዱ የመጀመሪያው ሳምንት ሸክም በግማሽ ይቀንሳል። የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይም ቁጥሩን ይጠይቃል፤ ያ ግን በደረሰኝ ላይ ለማስፈር ብቻ ስለሆነ አያስፈልግም ማለት ይቻላል።

የደረሱበት ቀን

ከአዲስ አበባ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ የሚያርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው ጓሩልዮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ወደ ከተማ የሚወስድ ባቡር አለ፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ለያዘ ሰው ግን አልመክረውም። በአውሮፕላን ማረፊያው ዋይፋይ በኡበር ወይም ‘99’ በሚባለው መተግበሪያ መኪና ይጥሩ።

የእጅ ሰዓትዎን አይንኩት። ሳኦ ፓውሎ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነና የእኛም አቆጣጠር ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ስለሚለይ፣ በአበሻ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት የብራዚልን ሰዓት ልክ አድርጎ ይናገራል፤ እዚያ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ሲሆን እናትዎ ዘንድ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ብራዚል በ2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በበጋ ሰዓት የመቀየር ልማዷን ስለተወች ይህ ስምምነት ዓመቱን ሙሉ አይፈርስም።

ስልክና ገንዘብ

የቅድመ ክፍያ ሲም ካርድ ሴፔኤፊና ፓስፖርት ይዘው ከቪቮ፣ ከክላሮ ወይም ከቲም መደብር ይውሰዱ። ብራዚል ውስጥ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው ማዕከላዊ ባንኩ በኅዳር 2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሥራ ባስጀመረው ፒክስ በተባለው የስልክ ክፍያ ሲሆን፣ የመንገድ ዳር የፍራፍሬ ሻጭም ሳይቀር ይቀበላል። ፒክስ ለመጠቀም ግን የባንክ ሂሳብ ያስፈልጋል፤ አንዳንዱ ባንክ የፖሊስ ምዝገባ ካልተጠናቀቀ አልከፍትም ሲል ሌላው በፓስፖርት ይከፍታል። አንዱ እምቢ ካለ ሌላውን መሞከር እንጂ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ እስከዚያው የሚያቆይዎትን ጥሬ ገንዘብ ፈቃድ ባለው መንዛሪ ዘንድ ይመንዝሩ።

በመንገድ ላይ፣ በተለይ በፓውሊስታ ጎዳና ዳርቻ፣ ስልክ አውጥቶ ካርታ ማየት ጥሩ አይደለም፤ በብስክሌትና በሞተር የሚነጥቁ አሉ። ወደ አንድ ሱቅ ገብተው አይተው ይውጡ፤ የፒክስ የቀን ጣሪያዎንም ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ።

ፌደራል ፖሊስ

በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው አገሪቱን በረገጠ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ግዴታው ነው፤ ካልተመዘገበ መቀጮ ይከተለዋል። ዘጠና ቀን ብዙ ይመስላል፤ ሆኖም በሳኦ ፓውሎ የቀጠሮ ቀናት ቶሎ ስለሚሞሉና ሰነዱን ማስተርጎምም ጊዜ ስለሚወስድ በመጀመሪያው ሳምንት ቀጠሮ መያዝ ይሻላል። በየካቲት የሚደርሱ ከሆነ የካርናቫል ሰሞን መሥሪያ ቤቶች እንደሚዘጉም ያስቡበት።

ቅጹን በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይሞላሉ፣ ከ200 ሬያል ትንሽ ከፍ የሚለውን የካርድ ክፍያ ይፈጽማሉ፣ ቀጠሮ ይይዛሉ፤ በቀጠሮው ቀን ፓስፖርቱን፣ ፎቶግራፉን፣ የክፍያ ደረሰኙን፣ የልደት ወረቀቱንና ትርጉሙን ከነኮፒው ይዘው ላፓ ሰፈር ወደሚገኘው ቢሮ ይሄዳሉ። የተረጋገጠ ኮፒ ከተጠየቁ ካርቶሪዩ የሚባል የውል ማረጋገጫ ቢሮ በየሰፈሩ አለ። አሻራ ሰጥተው ሲጨርሱ ካርዱ እስኪደርስ እንደ መታወቂያ የሚያገለግል ወረቀት ይሰጥዎታል፤ የተጻፈበትን ስም እዚያው መስኮቱ ፊት ቆመው ያንብቡት፣ ስህተት ካለ በዚያው ደቂቃ ይታረማል።

ቤትና ማዕድ

በፎቶ ብቻ አይተው ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አይላኩ። ለብቻ ቤት መከራየት ብዙውን ጊዜ ንብረት ያለው ዋስ ስለሚጠይቅ፣ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ተማሪዎች በጋራ የሚኖሩበት ሬፑብሊካ የሚባለው ቤት ይሻላል። ሳኦ ፓውሎ ውስጥ የተለመደው የኤሌክትሪክ ኃይል 127 ቮልት ነው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ግድ የለውም፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ለ220 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በዚህ ኃይል ከጉልበቱ ሲሶውን ብቻ ይሰጣል፤ ለዚያ ተብሎ የሻንጣ ኪሎ መክፈል ትርፉ ድካም ነው። የገላ መታጠቢያው ውኃ የሚሞቀው ከራስ በላይ በተሰቀለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው፤ ውኃው እየፈሰሰ የሙቀት ማዞሪያውን አይንኩ።

ምግቡ ሩዝና ቦሎቄ ነው፤ ለጾመኛ ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን ቦሎቄው ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ይቀቀላል፣ ፋሮፋ በሚሉት የካሳቫ ዱቄት ውስጥም እንዲሁ የአሳማ ሥጋ ይቀላቀላል። ሥጋ እንዳይገባበት ብቻ መናገር አይበቃም፤ አስተናጋጁ ሥጋ ሲባል የሚመጣለት የበሬ ስለሆነ ስለ አሳማ ለይተው ይጠይቁ። በየዩኒቨርሲቲው ያለው የተማሪዎች መመገቢያ ርካሽ ሲሆን፣ ከዚያ ውጪ በኪሎ መዝነው የሚያስከፍሉት ምግብ ቤቶች የሚበሉትን አይተው ስለሚያነሱ ለአዲስ ሰው የተሻሉ ናቸው።

አድራሻ ካገኙ በኋላ ፓስፖርትና ሴፔኤፊ ይዘው በሰፈርዎ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ይመዝገቡ፤ አገልግሎቱ ለውጭ ዜጋም በነፃ ነው። ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም የሚደወለው 192፣ ለፖሊስ 190 ነው።