በቡታጅራ መንገድ በአነስተኛ ወጪ የታሪክና የተፈጥሮ ጉብኝት እንዴት ይደረጋል?

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ወጥቶ ወደ ቡታጅራ የሚዘልቀው አስፋልት ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ሁለት ስፍራዎችንና ከአለት የተፈለፈለ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያገናኛል። የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል። የመልካ ቁንጡሬና የባልጪት የቅድመ ታሪክ ስፍራዎች ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ተመዝግበዋል። የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሁለቱ መካከል ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ትገኛለች። ይህን ሁሉ ለማየት የአውሮፕላን ትኬትም ሆነ የኪራይ መኪና አያስፈልግም፤ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ጥሩ መራመጃ ጫማና በቅደም ተከተል የታሰበ ዕቅድ ይበቃል። ብዙ የከተማችን ነዋሪ በየጊዜው በዚህ መንገድ እያለፈ ከመስኮት ባሻገር ሳያየው መቅረቱ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ጉዞውን ከዝግጅቱ ጀምሮ እስከ መመለሻው ደረጃ በደረጃ እገልጻለሁ።

አንደኛ፦ ወቅቱንና ቀኑን መምረጥ

ለዚህ ጉዞ የተመቸው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለው ነው። በክረምት የአዋሽ ወንዝ ይሞላል፣ በመልካ ቁንጡሬ ወንዙ ዳር ያሉት መተላለፊያዎች ይጨቀያሉ፣ ወደ አዳዲ የሚያስገባው የአፈር መንገድም ለባጃጅ ቀርቶ ለእግረኛ ይከብዳል። እኔ የምመርጠው ጥቅምትና ኅዳርን ነው፤ በእነዚህ ወራት በጢያ ዙሪያ ያለው የጉራጌ ሶዶ ሜዳ በጤፍና በስንዴ ማሳ የተሸፈነ ነው፣ አየሩም ጥርት ያለ ስለሆነ ተራሮቹ ከሩቅ ይታያሉ።

ቀኑን ስንመርጥ ሊታሰብበት የሚገባው ዋናው ነገር የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ነው። ወር በገባ በ21ኛው ቀን የእመቤታችን መታሰቢያ ስለሆነ አዳዲ ማርያም ምእመናን ይበዛባታል፤ በተለይ ኅዳር 21 እና ጥር 21 ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይመጣል። መንፈሳዊ ጉዞ ያሰበ ሰው በእነዚህ ቀናት ቢሄድ በቀጥታ ወደ ቦታው የሚያደርሱ ተሽከርካሪዎችን በቀላሉ ያገኛል። የሕንፃውን አሠራር ረጋ ብሎ ለማየት የፈለገ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ። በአጽዋማት ቅዳሴው ወደ እኩለ ቀን ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ድረስ ሊዘልቅ ስለሚችል በጾም ወቅት የሚሄዱ ሰዎች ሰዓቱን አስቀድመው ማጣራት አለባቸው።

ሁለተኛ፦ መንገዱን መጠየቅ

የአካባቢው ጸጥታ ከወር ወር ሊለያይ ስለሚችል፣ ባለፈው ዓመት ሰላም ነበር የሚል መረጃ ለዛሬ ጉዞ አይበቃም። በዋዜማው በመስመሩ ላይ የሚሠሩ ሾፌሮችንና ረዳቶችን፣ በአካባቢው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለም እሱን መጠየቅ ይበጃል። በዚሁ አጋጣሚ የቡታጅራ ተሽከርካሪዎች ከየትኛው መናኸሪያ እንደሚነሱ ማረጋገጥ ይገባል፤ የመነሻ ቦታዎች ስለሚቀያየሩ በጨለማ ወጥቶ ከአንዱ መናኸሪያ ወደ ሌላው መንከራተት የቀኑን ምርጥ ሰዓት ያባክናል።

ሦስተኛ፦ ወጪውን ማስላትና ስንቅ መያዝ

ወጪው በአምስት ይከፈላል፦ የትራንስፖርት፣ የመግቢያ፣ የአስጎብኚ፣ የምግብና የመጠባበቂያ። የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊ ዜጋና ለውጭ አገር ጎብኚ የተለያየ ስለሆነ መታወቂያ መያዝ ግድ ነው፤ ከውጭ የመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የትውልድ መታወቂያቸውን ከቤት ጥለው ባይወጡ ይሻላል። ገንዘብ ላጠረው ሰው የምመክረው አስጎብኚውን ትቶ እንዲያተርፍ ሳይሆን መኪናውን ትቶ አስጎብኚውን እንዲይዝ ነው። በጢያም ሆነ በመልካ ቁንጡሬ የሚታየው ድንጋይ ነው፤ ትርጉሙን የሚያስረዳ ሰው ከሌለ ጎብኚው ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ፎቶግራፍ አንስቶ ይወጣል። ከሦስት ወይም ከአራት ጓደኛ ጋር መሄድ የባጃጁንም የአስጎብኚውንም ክፍያ ያካፍላል። ዝርዝር ብርም አይረሳ፤ በገጠር ከተሞች ትልቅ ኖት መመንዘር ያስቸግራል።

ስንቁ ቀላል ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ፣ በርከት ያለ ውኃና ኮፍያ ይያዝ፤ ነጠላ ለሴቶችም ለወንዶችም ያስፈልጋል። አነስተኛ የእጅ ባትሪ ደግሞ በአዳዲ ማርያም ውስጥ ትልቅ ጥቅም አለው። ምሳ በመንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ ሊበላ ይችላል፤ አገሩ የቆጮና የአይብ አገር ስለሆነ ክትፎ ባይገዛ እንኳ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር በመጠነኛ ዋጋ ያጠግባል። ረቡዕና ዓርብ ሽሮ አይጠፋም።

አራተኛ፦ ከሩቁ መጀመር

ብዙ ሰው መጀመሪያ ያገኘው ቦታ ላይ ይወርዳል፤ ይህ ግን ከሰዓት በኋላ ከቤቱ እጅግ በራቀበት ቦታ መኪና እንዲጠብቅ ያደርገዋል። የተሻለው ዘዴ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኝቶ በቀጥታ ወደ ጢያ መሄድ፣ ከዚያ በአጫጭር ጉዞ ወደ አዲስ አበባ እየተጠጉ መመለስ ነው። በዚህ መንገድ ቀኑ እየመሸ ሲሄድ የቀረው መንገድም እያጠረ ይሄዳል። ከመሳፈር በፊት የመውረጃውን ቦታ ለረዳቱ መናገርና ዋጋውን መስማማት ያስፈልጋል፤ አንዳንዶቹ እስከ ቡታጅራ ያለውን ሙሉ ታሪፍ ሊጠይቁ ይችላሉ። በማለዳ መነሳት ሌላም ጥቅም አለው፤ እሱንም ጢያ ላይ እናየዋለን።

አምስተኛ፦ ጢያ

ጢያ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዋናው መንገድ ወርዶ ወደ ትክል ድንጋዮቹ በእግር መድረስ ይቻላል። በሶዶ አካባቢ እስካሁን ከታወቁት 160 ያህል የትክል ድንጋይ ስፍራዎች ዋነኛው ይኸኛው ነው፤ በቅጥሩ ውስጥ 36 ድንጋዮች ያሉ ሲሆን 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። አጥኚዎች ቦታው የመቃብር ስፍራ መሆኑን በቁፋሮ አረጋግጠዋል፤ ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ቅርጾቹ ከድንጋዩ ገጽ ብዙም ያልጎሉ ስለሆኑ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ስትሆን ጥላ አጥተው ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላሉ። በማለዳ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን የእያንዳንዱ ጎራዴ ጠርዝ ቀጭን ጥላ ይጥላል፤ ከስፋቱ ወደ ጫፉ እየሾለ የሚሄደው ስለት፣ ከእጀታው ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ከጎኑ ያለው ክብ ቅርጽ ሁሉ ተለይተው ይታያሉ። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው እየሄዱ ጎራዴዎቹን ይቁጠሩ። ቁጥራቸው ከድንጋይ ድንጋይ ይለያያል፤ በአካባቢው የሚነገረው ማብራሪያም የጎራዴው ብዛት የተቀበረው ጀግና የገደላቸውን ጠላቶች ብዛት ያመለክታል የሚል ነው። ከጎራዴዎቹ በታች እንደ ቅርንጫፍ ወይም እንደ ተክል ቅጠል የተዘረጋ ምልክት የሚታይባቸው ድንጋዮች አሉ፤ እንሰት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ይሁን እንጂ የአብዛኞቹ ምልክቶች ትርጉም እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አልተፈታም። አስጎብኚውን ይህ ነው ተብሎ የታወቀውን ከሚገመተው ለይቶ እንዲነግርዎ ቢጠይቁት ጨዋታው ይበልጥ ይጥማል።

ድንጋዮቹን መደገፍ፣ መነካካት ወይም ለፎቶግራፍ ሲባል በላያቸው ላይ መውጣት አይገባም። የተቀረጸው ገጽ በዝናብና በፀሐይ እየተሸረሸረ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ የእጅ ወዝ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይፋጠናል።

ስድስተኛ፦ ወደ አዳዲ ማርያም መግባት

ከጢያ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ የሚሄድ ሚኒባስ ይዞ ወደ አዳዲ የሚያስገባው መገንጠያ ላይ መውረድ ነው። ከመገንጠያው እስከ ቤተ ክርስቲያኗ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የአፈር መንገድ ስላለ በእግር ደርሶ መመለስ ቀኑን ይጨርሳል። ባጃጅ ወይም ወደዚያ የሚሄድ ሌላ ተሽከርካሪ ይፈለግ፤ ዋጋው የደርሶ መልስና የቆይታ ሆኖ አስቀድሞ ይቆረጥ። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ካለፈ ግን አዳዲን ለሌላ ቀን አሳድሮ በቀጥታ ወደ መልካ ቁንጡሬ መሄድ ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያኗ ከሩቅ አትታይም። ዙሪያዋ ተቆፍሮ ከአንድ አለት የተፈለፈለች ስለሆነች ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ነው፤ ጎብኚው ወደ ዙሪያው ጉድብ ወርዶ ነው በሩን የሚያገኘው። በትውፊት ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ጋር ትያያዛለች፤ ከላስታ ይህን ያህል ርቆ በደቡብ መገኘቷም ልዩ ያደርጋታል። ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መልበስ፣ የወንዶችንና የሴቶችን መግቢያ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወደ መቅደሱ መቅረብ አይፈቀድም፤ ፎቶግራፍ ለማንሳትም አስቀድሞ ካህናቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ባትሪውን ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ግድግዳው አብርተው የመፈልፈያውን መሣሪያ አሻራ ይመልከቱ።

ሰባተኛ፦ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ መንገዱ የአዋሽን ወንዝ ይሻገራል። መልካ ቁንጡሬ በዚሁ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነው። ስፍራው ለሳይንስ የታወቀው በ1963 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ ወዲህ የፈረንሳይ፣ በኋላም የጣሊያን ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሲቆፍሩ ቆይተዋል። የተገኘው ቅርስ ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ የሰው ዘር በዚህ ከፍታ ላይ መኖሩን ያሳያል።

ጉብኝቱን በጎጆ ቅርጽ በተሠሩት አራት የሙዚየም ክፍሎች መጀመር ይገባል። ቁፋሮውን ቀድሞ ያየ ሰው የሚያየው አፈርና ድንጋይ ነው፤ ከሙዚየሙ የመጣ ግን የተጠረበውን ካልተጠረበው መለየት ይጀምራል። ሦስት ነገሮችን አስጎብኚው እንዲያስረዳዎ ይጠይቁ። ጋርባ በሚባለው የቁፋሮ ቦታ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው። ጎምቦሬ ላይ 700 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው ንጣፍ ላይ የአዋቂና የልጆች እግር ዱካ ከእንስሳት ዱካ ጋር ተገኝቷል፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ውኃው ዳር ይመጡ እንደነበር ማሰብ ልብን ይነካል። ሲምቢሮ ላይ ደግሞ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከባልጩት ድንጋይ የእጅ መጥረቢያ በብዛት የተሠራበት ቦታ ተገኝቷል።

የባልጩቱ ምንጭ ባልጪት የሚባለው ስፍራ ነው። ከሙዚየሙ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ስለሚርቅ ጊዜና ጉልበት ያለው ሰው ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ በእግር ሊደርስ ይችላል። መሬቱ ላይ የተበተነው ጥቁር ስባሪ በፀሐይ እንደ ጠርሙስ ይብለጨለጫል። ጎንበስ ብለው ቢመለከቱት አንደኛው ገጹ ላይ ድንጋዩ ሲመታ የሚፈጠረው ጉብታና ከእሱ ዙሪያ የተዘረጉት ለስላሳ ቀለበቶች ይታያሉ፤ ይህ ምልክት ስባሪው በተፈጥሮ የተሰነጠቀ ሳይሆን ሰው የመታው ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጠርዙ ቆዳ ስለሚቆርጥ ልጆችን በባዶ እግር አለማስኬድ ያሻል። ትንሹንም ስባሪ ለማስታወሻ ብሎ በኪስ መያዝ ክልክል ነው፤ ተመራማሪ የሚያነበው ስባሪው የወደቀበትን ቦታ ጭምር ስለሆነ ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ታሪኩን ያጣል።

ስምንተኛ፦ መመለስ ወይም ማደር

ከመልካ ቁንጡሬ እስከ 10 ሰዓት ተኩል ድረስ ወደ ዋናው መንገድ መውጣት ይመረጣል። ከቡታጅራ የሚመጡት መኪኖች ሞልተው ሊያልፉ ስለሚችሉ እስከ ዓለም ገና ብቻ የሚሄደውን መያዝና ከዚያ በከተማ ታክሲ መቀጠል ቶሎ ያደርሳል። ከትንንሽ ልጆች ወይም ከአረጋውያን ጋር የሚሄድ ቤተሰብ ሦስቱን ቦታ በአንድ ቀን አያጣድፍ፤ ጢያና መልካ ቁንጡሬ ብቻቸውን ሙሉ ቀን ናቸው።

ሁለት ቀን ያለው ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ቡታጅራ ያሳልፍ። ከተማዋ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ የምትገኝ ሲሆን አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ማደሪያዎች አሏት። በዚህ ዕቅድ በመጀመሪያው ቀን ወደ ቡታጅራ ሄዶ በቅርብ የሚገኘውን የሐረ ሸይጣን ሐይቅ ማየት፣ በማግስቱ በማለዳ ጢያ ደርሶ ከላይ በተገለጸው ቅደም ተከተል መመለስ ይቻላል። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ክብ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ ከአፋፉ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ውኃው ላይ አይደርስም የሚለውን የአካባቢውን ወግ ልጆች እዚያው ሊሞክሩት ይፈልጋሉ፣ ግን ጠርዙ ገደል ስለሆነና አፈሩም ስለሚንሸራተት ከአፋፉ ራቅ ብለው፣ እጃቸው ተይዞ ይቁሙ።