ልቦለድን ወደ ፊልም ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከልቦለድ የተወሰደ ፊልም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ካሜራው ሳይነሳ፣ ገና ወረቀት ላይ እያለ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች በጀማሪ የፊልም ጸሐፊዎችም በሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችም ሥራ ውስጥ ደጋግመው ይታያሉ።

ቅርጽንና ዘውግን ማደባለቅ

ልቦለድ፣ ተውኔት፣ የፊልም ጽሑፍ (ስክሪፕት)፣ እነዚህ ታሪክ የሚቀርብባቸው ቅርጾች ናቸው። የፍቅር፣ የወንጀል፣ የታሪክ፣ የቀልድ የምንላቸው ዘውጎች ደግሞ በየትኛውም ቅርጽ ውስጥ ይገባሉ። አጭር ልቦለድን በገጽ ማነስ ብቻ መለየትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። አጭሩ በአንድ ግጭትና በጥቂት ገጸ ባሕርያት ላይ ያተኩራል፤ ረጅሙ ንዑሳን ታሪኮችን ይሸከማል። ለአንድ ፊልም ከ300 ገጽ መጽሐፍ ይልቅ የ15 ገጽ አጭር ልቦለድ የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

መጽሐፉን በሙሉ ለማስገባት መሞከር

ሒሳቡ ቀላል ነው። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የስክሪፕት ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚሆን፣ የሁለት ሰዓት ፊልም 120 ገጽ ገደማ ነው። አንድ የመጽሐፍ ገጽ ጮክ ብሎ ለማንበብ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ግን 300 ገጽ 10 ሰዓት ይወስዳል። ሬድዮ በተከታታይ ስለሚያቀርብ የደራሲውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ማቆየት ይችላል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬድዮ የተረከው በዚህ መልክ ነበር። ፊልም ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ዋናውን ግጭት አስቀድመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ግጭቱን የማይገፋ ትዕይንት፣ ምንም ቢያምር፣ ይውጣ። ምክር የሚሰጥ አጎትና ምክር የሚሰጥ ጎረቤት ካሉም አንዱ ይበቃል።

ሐሳብን እንዳለ መገልበጥ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ልቦለዱ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ወይዘሮ አልማዝ ልጃቸው እንደማይመለስ ቢያውቁም፣ በየፋሲካው የእሱን ድርሻ አያጎድሉም ነበር።» አንባቢ ወዲያው ይገባዋል። ካሜራ ግን «ቢያውቁም»ን መቅረጽ አይችልም። «በየፋሲካው»ንም እንደዚያው፤ የሚያየው የዛሬውን ፋሲካ ብቻ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሲደርስ ወይዘሮዋን ፎቶ ፊት ያቆምና «ልጄ፣ እንደማትመጣ አውቃለሁ» ያሰኛቸዋል። ይልቅስ እንዲህ ይሞከር፦

ውስጥ፣ የወይዘሮ አልማዝ ቤት፣ ጠዋት። ቤተሰቡ መሶብ ከቧል። ወይዘሮ አልማዝ ከዶሮ ወጡ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ እንቁላል ያወጣሉ። ድስቱ ውስጥ አንድ ይቀራል። ትንሹ ልጅ እጁን ሲዘረጋ እህቱ ክንዱን ያዝ ታደርገዋለች። ወይዘሮ አልማዝ ድስቱን ይከድናሉ።

የተረፈው እንቁላል የጎደለ ሰው እንዳለ ይናገራል። የእህትየው እጅ ደግሞ ነገሩ የቆየ ልማድ መሆኑን ያሳያል፤ ለቤቱ አዲስ ቢሆን ኖሮ ልጁን ለመከልከል ማንም ባልፈጠነ ነበር። የስክሪፕቱ ገለጻ በአሁን ጊዜ መጻፉን፣ የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ መያዙንም ያስተውሉ። «ያስባል»፣ «ትዝ ይለዋል» የሚል ግሥ ካገኙ ያስምሩበት፤ በድርጊት፣ በዕቃ ወይም በሌላ ሰው ምላሽ ሊተካ ካልቻለ ትዕይንቱ ገና አልተጻፈም።

ፊልምን እንደ መድረክ ማስወራት

ቴአትር ቤት ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ያለ ተመልካች የተዋናዩን ዓይን አያይም፤ ስለዚህ ምልልሱ ብዙ ይሸከማል። ክሎዝአፕ፣ ማለትም ፊትን አቅርቦ የሚያሳይ ቀረጻ፣ ግን የከንፈር መንቀጥቀጥን ሳይቀር ያሳያል። ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስለ ችግሩ ማውራት ብቻ የሆነ ፊልም ምን ያህል እንደሚያሰለች የአማርኛ ፊልም ተመልካች አይጠፋውም። መፈተኛው፦ ምልልሱን በወረቀት ሸፍነው ገለጻውን ብቻ ያንብቡ። ማን ምን እንደሚፈልግ ጨርሶ ካልታወቀ ትዕይንቱ ከድርጊቱ ተነሥቶ እንደገና መጻፍ አለበት።

በተራኪ ድምፅና በምልሰት መደገፍ

ሰውየው በር ሲከፍት እያየን «በሩን ከፈትኩ» የሚል ድምፅ ምንም አይጨምርም። የሚጠቅመው ከሥዕሉ ጋር ሲጋጭ ነው፤ ድምፁ «ደስተኛ ነበርን» ሲል ሥዕሉ ባዶ አልጋ ቢያሳይ ለምሳሌ። ምልሰትም፣ ማለትም ታሪኩ ወዳለፈ ጊዜ የሚመለስበት ክፍል፣ ልቦለድ ውስጥ «ከ20 ዓመት በፊት» በማለት ብቻ ይጀመራል። ፊልም ላይ ግን ወጣት ተዋናይ፣ የዘመኑ ልብስ፣ ሌላ ቦታና ተጨማሪ የቀረጻ ቀን ይጠይቃል።

ፈቃድ ሳይዙ መጀመር

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ መብትን ለደራሲው ይሰጣል። መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ደራሲው ካለፈ የሚዋዋሉት ከወራሾቹ ጋር ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ለአንድ ፊልም ብቻ ነው ወይስ ለተከታታይ ድራማም? ለስንት ዓመት? ገጸ ባሕርያትን መቀነስና መጨረሻውን መቀየር ይፈቀዳል? እነዚህ ስክሪፕቱ ሳይጀመር ቁርጥ ባለ ቃል ውሉ ላይ ይስፈሩ።