መድኃኒት ላልበገረው ድባቴ በአንጎል ካርታ የሚመራ የማግኔት ሕክምና ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቢያንስ ሁለት የድባቴ መድኃኒቶችን በበቂ መጠንና ለበቂ ጊዜ ወስዶ ያልተሻለው ሰው፣ ሐኪሙ ስለ ቲኤምኤስ፣ ማለትም አንጎልን ከውጭ በማግኔት ስለሚያነቃቃው ሕክምና፣ ሊያነሳለት ይችላል። ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ኮይል (ጥቅል ሽቦ) አጫጭር የማግኔት ምቶች ይልካል፤ ምቶቹ አንጎል ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራሉ። አሜሪካ ውስጥ ለድባቴ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። አሁን አሁን ደግሞ የአንጎል ክፍሎች እንዴት እንደሚገናኙ በምስል ታይቶ ኮይሉ የሚያርፍበት ቦታ ይመረጣል። ተስፋው እውነተኛ ነው፤ የተሳሳተ ግምቱም ብዙ ነው።

ማግኔቱ የችግሩን ሥር በቀጥታ ይነካል ብሎ ማሰብ

የተለመደው ኮይል ጉልበት ጥቂት ሴንቲ ሜትር እንደገባ ይዳከማል። ከድባቴ ጋር ስሙ የሚነሳው ሰብጄኑዋል ሲንጉሌት የተባለው የአንጎል ክፍል ደግሞ ያለው ጥልቅ ቦታ ነው። ስለዚህ የሚነካው በግራ ግንባር በኩል ያለው የላይኛው ክፍል ነው፤ ውጤቱ በግንኙነቱ በኩል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪው ማይክል ፎክስና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ የተሻለ ውጤት የታየባቸው ቦታዎች እንቅስቃሴያቸው ከዚህ ጥልቅ ክፍል ጋር ተቃራኒ ነበር፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። የካርታው ሐሳብ በብዛት የሚነሳው ከዚህ ነው።

ኤምአርአይ ሁሉ አንድ ይመስላል

ተራው ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የአንጎል ምስል) የሚያሳየው ቅርጽን ነው። ግንኙነት የሚነበበው የአንጎልን እንቅስቃሴ ከሚከታተለው ከፈንክሽናል ኤምአርአይ ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከብዙ ጤነኛ ሰዎች የተውጣጣ አማካይ ካርታ ይጠቀማሉ። ይህም ይረዳል፤ ግን የእርስዎ አንጎል ካርታ አይደለም። የትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ።

በጥቂት ደቂቃ ምስል መተማመን

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው። ሰብጄኑዋል ሲንጉሌት አየር ከያዙት የፊት አጥንት ክፍተቶች አጠገብ ስላለ ምልክቱ ደካማ ነው። ጭንቅላት ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ወይም እንቅልፍ ሸለብ ካደረገ ንባቱ ይዛባል። ከአጭር ምስል ዛሬ የተገኘው ነጥብ ነገ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ስክሪን ላይ የሚታየው ባለቀለም ነጥብ ግን ይህን ጥርጣሬ አያሳይም። ምስሉ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ እንቅስቃሴውን እንዴት እንደሚያጣሩት ይጠይቁ። እርስዎም ከተንቀሳቀሱ ወይም ካንቀላፉ ሳያፍሩ ይናገሩ።

ውጤቱን ሁሉ ለካርታው መስጠት

የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሴንት የተባለው የቲኤምኤስ ሕክምና በግል ካርታ ይመራል፤ በቀን 10 ጊዜ፣ ለ5 ቀናት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ጥናት 29 ሰዎች ተሳትፈዋል። ከአራት ሳምንት በኋላ የሕመም መለኪያው በአማካይ በ52.5 በመቶ ቀነሰ፤ የይምሰል ሕክምና ባገኙት ላይ የቀነሰው በ11.1 በመቶ ብቻ ነው። ትልቅ ውጤት ነው። ግን መጠኑም ፍጥነቱም አብረው ጨምረዋል፤ የካርታውን ድርሻ ለብቻ መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የእንግሊዙ ብራይትማይንድ ጥናት ደግሞ 255 ሰዎችን ይዞ፣ በግንኙነት የተመራውን በተራ ኤምአርአይ ከተመራው ጋር አነጻጸረ። በ26 ሳምንት ውስጥ ልዩነት አልተገኘም፤ ሁለቱም ወገን ግን ተሻሻለ። ቦታውን የመረጡት ከስታንፎርድ በተለየ መንገድ ስለሆነ ጉዳዩ አልተዘጋም። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ጥሩ ቲኤምኤስ የሚሰጥ ሐኪም ካገኙ፣ ካርታ የለውም ብለው ሕክምናውን አያዘግዩ።

ቦታው ከተገኘ በቃ ማለት

ኮይሉ ትንሽ ቢንሸራተት ወይም አቅጣጫው ቢዞር የካርታው ትርፍ ይጠፋል። ጉልበቱም የሚለካው በየሰው ነው፤ የእጅ ጣት ንቅንቅ እስኪል ምቱን እያስተካከሉ። መድኃኒት ከተቀየረ መለኪያው እንዲደገም ያሳስቡ።

የጤና ታሪክን መደበቅ

ጭንቅላት ውስጥ ያለ ብረት፣ ጆሮ ውስጥ የተተከለ የመስሚያ መሣሪያ፣ የሚጥል ሕመም፣ መጠጥ በድንገት ማቆም፣ እንቅልፍ ማጣት፦ ሁሉንም ይናገሩ። መድኃኒትዎንም በራስዎ አያቁሙ።

አደጋ እያለ ወረፋ መጠበቅ

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ፣ ወይም ሰውየው መብላትና መጠጣት ካቆመ፣ ካርታም ቀጠሮም አይጠበቅም። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪሞች በሰመመን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ሕክምና ሊመርጡ ይችላሉ፤ ለከባድ ድባቴ ፈጥኖ የሚደርስ ሕክምና ነው።