ቡት ፓርቲሽን ሲሞላ፦ ኡቡንቱ አፕዴት አልቀበል ወይም አልነሳ ሲል

ምልክቱ፦ ኡቡንቱ (በሊኑክስ ላይ የተሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) አፕዴት ሲደረግ መሀል ላይ ይቆምና ዲስኩ ላይ ቦታ የለም ይላል፤ 500 ጊጋባይቱ ዲስክ ግን ገና ግማሹም አልተነካ። ሲብስ ደግሞ ሪስታርት ሲደረግ «ከርነል ፓኒክ» (ሲስተሙ መነሳት አቅቶት መቆሙ) ብሎ ይቀራል።

መንስኤው፦ የሞላው ዋናው ዲስክ ሳይሆን ቡት የሚባለው ትንሹ ፓርቲሽን፣ ማለትም ለመነሳት የሚያስፈልጉት ፋይሎች የሚቀመጡበት የዲስክ ክፍል ነው። ኡቡንቱ ሲጫን ዲስኩ በፓስወርድ እንዲቆለፍ ከተመረጠ ቡት ለብቻው ይቆረሳል፤ በድሮዎቹ ጭነቶች እንደ ዘመኑ ከ250 እስከ 750 ሜጋባይት ነው። ያኔ ይበቃ ነበር። ዛሬ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 15 ሜጋባይት ገደማ ቢሆንም አብሮት የሚጫነው ኢኒትአርዲ ፋይል (ከርነሉ ሲነሳ ዋናውን ዲስክ ለመክፈት የሚጠቀምበት) በፈርምዌር፣ ማለትም የሃርድዌር ዕቃዎቹ በሚፈልጓቸው ፋይሎች፣ አብጧል፤ የኤንቪዲያ ድራይቨር ካለ 100 ሜጋባይት ማለፉ ብርቅ አይደለም። አዲስ ከርነል ሲገባ የድሮው ስለሚቆይ፣ አንዱ ስብስብ (ከርነልና ኢኒትአርዲ) 115 ቢሆን ሦስቱ 345 ይወስዳሉ። አዲሱ ኢኒትአርዲ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ስለሚጻፍ ሌላ 100 ይጨመራል፤ 445 ሆነ ማለት ነው።

ፓኒኩ የሚመጣው ከርነሉ ገብቶ ኢኒትአርዲው ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) በሌለበት አፕዴት እየተደረገ መብራት ከጠፋም ያው ነው።

መፍትሄው፦ ካልተነሳ ሲበራ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጭነው ከግረብ ሜኑ (ሲነሳ ከርነል ከሚመረጥበት ዝርዝር) የቀድሞውን ከርነል ይምረጡ። ከገቡ በኋላ በተርሚናል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) «ዩኔም -አር» (uname -r) የሚያሳይዎትን ቁጥር ይጻፉት፤ እሱ አሁን እየሠራ ስለሆነ አይነካም። ከዚያ የማይፈለጉትን የድሮ ከርነሎች ለማጽዳት «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ --ፐርጅ» (sudo apt autoremove --purge) ይበሉ። አፕት (ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያጠፋው) ራሱ በቦታ ማጣት ከተቆለፈ ከማይሠሩት ከርነሎች የአንጋፋውን ኢኒትአርዲ ወደ ሆም ፎልደር ያዛውሩ፣ «ሱዶ አፕት -ኤፍ ኢንስቶል» (sudo apt -f install) ያድርጉ፣ ማጽዳቱን ይድገሙ። በመጨረሻ ለአዲሱ ከርነል ኢኒትአርዲ በ«አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ» (update-initramfs) ያሠሩለት፤ ይህን ዘለው ሪስታርት ካደረጉ ፓኒኩ ሊመለስ ይችላል።

በኢኒትራምኤፍኤስ ኮንፊግ (የኢኒትአርዲ አሠራር በሚወሰንበት ፋይል) ውስጥ «ሞጁልስ»ን (MODULES) ከ«ሞስት» (most) ወደ «ዴፕ» (dep) መቀየር ኢኒትአርዲውን በደንብ ያሳንሳል። ነገር ግን ለዚያ ማሽን ብቻ ስለሚሠራ፣ ቦርዱ ተቃጥሎ ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ላይነሳ ይችላል። ያገለገለ ዕቃ እየቀያየረ ለሚሠራ ሰው አይመከርም።

ፓርቲሽኑን ባለበት ማስፋትስ? ከኋላው የተቆለፈው ዲስክ ስላለ እሱን መግፋት ይጠይቃል፤ ሰዓታት ይፈጃል፣ መሀል ላይ መብራት ከሄደ ዳታው አብሮ ሊሄድ ይችላል። ዳታውን ኤክስተርናል ላይ ገልብጦ እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። ዴቢያን (ኡቡንቱ የተመሠረተበት ሲስተም) ለ13ኛው ስሪት ቢያንስ 768 ሜጋባይት ቡት፣ ከዚያም 300 ያህሉ ነፃ እንዲሆን ይመክራል። ለአዲስ ጭነት ግን 1 ጊጋባይት፣ ኤንቪዲያ ካለ 2 ይስጡት።