ቡችላን ከቤት ውጭ መጸዳዳት ለማስለመድ
ቡችላ ውጭ መጸዳዳትን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዱም እስከ 1 ዓመት ስለሚወስድበት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አልለመደም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የ2 ወር ቡችላ ሽንቱን ከ2 ሰዓት ብዙም አልፎ መያዝ ስለማይችል፣ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስና ተጫውቶ ሲያበቃ ወዲያውኑ ወደ አንድ የተወሰነ የግቢ ጥግ ውሰዱት። ወለሉን እያሸተተ መዞር ከጀመረ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ሽልማቱ፣ ትንሽ ቁራሽ ሥጋም ብትሆን፣ እዚያው እንደጨረሰ ልትሰጠው ይገባል፤ ቤት ከገባ በኋላ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። ቤት ውስጥ ቢያመልጠው መምታትም ሆነ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ተደብቆ መሽናትን ብቻ ስለሚያስተምረው፣ እባካችሁ አታድርጉት። ሽታው ካልጠፋ ተመልሶ እዚያው ስለሚሸና ቦታውን በደንብ እጠቡ፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ግን ሽታው ከሽንት ጋር ስለሚመሳሰል አይመረጥም።